ስለ ማልታ የተላኩ ሽማግሌዎች

አጸደ ሶፋዋን የሸጠችው ሐሙስ ነው፤ ሽማግሌ የመጣባት ቅዳሜ። በመሐል፣ ዓርብ ዕለት፣ ለልጇ ለሰሊና ደውላ፣ «አፓርታማዬን በኦገስት መጨረሻ እለቃለሁ። ሰኞ ለሕንፃው ቢሮ አሳውቃለሁ። ማልታ ልገባ ነው» ብላት ነበር።

ሰሊና ይህን ወሬ ከክረምቱ ጀምሮ ስትሰማው ቆይታለች፤ እንደ ቀልድ ነበር የያዘችው። እናቷ የምትነሣበት ነገር አጥታ አታውቅም። አንድ ሰሞን ከካውንቲው ትምህርት ቦርድ ጋር፣ ሌላ ሰሞን ከቤተ ክርስቲያኑ ሰበካ ጉባኤ ጋር፣ ቀጥሎ ከሕንፃው አስተዳደር ጋር ተሟግታለች። ማልታም ከነዚያ እንደ አንዱ መስሏት፣ ዝም ቢሏት ይበርድላታል ብላ ነበር። ሶፋው መሸጡን ስትሰማ ግን ቀልዱ አበቃ።

«ሶፋውን? ማሚ፣ ሩሃማ ናፕ የምታደርግበትን ሶፋ?»

«ሩሃማ አልጋ አላት።»

ሰሊና ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋችባት። በልጅነቷ ስትናደድ በር ታላጋ ነበር፤ ስልክ በር ስለሌለው የቻለችውን አደረገች።

አጸደ ስልሳ ስድስት ዓመቷ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ በመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ስታስተምር ኖራ በጡረታ ወጥታለች። ሜዲትራኒያንን በየዓመቱ በዘንግ እየጠቆመች ለልጆች አሳይታለች። ማልታ ላይ ስትደርስ የዘንጉ ጫፍ አገሩን ከነሕዝቡ ይሸፍነዋል። «እዚህ ሥር ሰው ይኖራል» ትላቸው ነበር፤ ልጆቹ ይስቃሉ።

ጡረታ ወጣች መባሉም ለወግ ያህል ነው። ሰሊና ሩሃማን ከወለደች ወዲህ አጸደ በየማለዳው ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነሥታ፣ ቤልትዌይ በሚባለው የከተማው ቀለበት አውራ ጎዳና ከጭነት መኪኖች ጋር ተጋፍታ፣ ወንዙን ተሻግራ አሌክሳንድሪያ ትገባለች። ሰሊና ወደ ቢሮዋ፣ ባሏ አብርሽ ወደ ኤርፖርት ፈረቃው ይሄዳሉ። አጸደ ሕፃኗን ትቀበላለች። አመሻሽ ላይ በዚያው መንገድ፣ በባሰ ሰልፍ፣ ትመለሳለች። ቤንዚኑም ጎማውም ኢንሹራንሱም የራሷ ነው። አንድም ቀን አንድም ሰው «ይህ ነገር ስንት ያስወጣሻል?» ብሏት አያውቅም።

ባለፈው ኖቬምበር ባዩሽ ጋበዘቻት። ባዩሽ የልጅነት ጓደኛዋ ናት፤ ሮም ውስጥ አረጋውያንን ስትንከባከብ ኖራ፣ ጡረታዋን ይዛ ማርሳስካላ በምትባል የማልታ የባሕር ዳር ከተማ ተቀምጣለች። አጸደ እሷ ዘንድ ስድስት ሳምንት ሰነበተች።

ስለዚያ አገር ኑሮ የሚወራው ሁለት ዓይነት ውሸት ነው። አንደኛው ገነት ነው፣ በሳንቲም ይኖርበታል ይላል፤ ይህን የሚያወሩት ቤት አከራዮችና ደላሎች ናቸው። ሁለተኛው ደግሞ አልቆለታል፣ እሳት ሆኗል ይላል፤ ይህን የሚያወሩት ባሕሩን በሚያይ ሆቴል አሥር ቀን ተኝተው፣ ባሕሩን በሚያይ ምግብ ቤት ዓሣ በልተው የመጡ ናቸው። አጸደ ሁለቱንም አላመነችም። ዘንቢል አንጠልጥላ ከባዩሽ ጋር ገበያ ወጣች።

ያየችውን አየች። የቤት ኪራዩ እንደ ድሮው አይደለም፤ የአገሩ ሰው ራሱ ያማርራል። ልጆቻቸው ቤት መያዝ አቅቷቸው ከእናት ከአባታቸው ጋር ይኖራሉ። ከሩቅ አገር የመጡ ሠራተኞች በአንድ ክፍል አምስት ስድስት ሆነው ይተኛሉ፤ ይህን ስታይ ደሟ ፈልቶ አንዱን አከራይ መንገድ ላይ አስቁማ ልትጨቃጨቀው ስትል ባዩሽ በክንዷ ጎትታ ወሰደቻት። የቧንቧው ውሃ ከባሕር የተጣራ ነውና ጨው ጨው ይላል፤ የሚጠጣው ይገዛል፣ ተሸክመውት ደረጃ ይወጣሉ። ክረምቱ ውርጭ የለውም፤ ቤቱ ግን ማሞቂያ ስለሌለው እርጥበቱ አጥንት ይገባል፣ ልብስ ቁም ሣጥን ውስጥ ይሻግታል። በየመንገዱ ክሬን ቆሟል፣ አቧራው አይጣል ነው።

በሌላው ወገን ደግሞ አትክልት የጫነች መኪና ከባዩሽ በር ሥር ትቆማለች፤ ሽንኩርትና ቲማቲም፣ ከበቀሉበት ማሳ አፈር ሳይለቃቸው፣ በርካሽ ይገዛሉ። የነዋሪነት ካርድ ያለው ሰው አውቶቡስ በነፃ ይሳፈራል። አይብ ያለበት ትኩስ ፓስቲዚ፣ የእነሱ ቁርስ፣ ከአንድ ዩሮ በታች ነው። ሁለት ፓስቲዚ የበላ ሰው እስከ ምሳ ምግብ አያምረውም። ዋናው ግን ይህ አይደለም። ዋናው አጸደ በስድስቱ ሳምንት አንድም ቀን መኪና ሳትነዳ መክረሟ ነው። ስትመለስ ዳለስ ኤርፖርት ወርዳ፣ የመኪናዋን ቁልፍ ከአብርሽ ስትቀበል፣ ትከሻዋ እንደ ድሮው ሽቅብ ሲሰበሰብ ታወቃት። ያን ጊዜ ወሰነች።

ሌላም የምታውቀው ነገር ነበራት። ሰሊና አርግዛለች። ማንም አልነገራትም። ግን ሰሊና ዓሣ ሲጠበስ በረንዳ መውጣት ጀምራለች፤ ከሥራ ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ እንቅልፍ ይጥላታል። ሁለት ልጅ ወልዳ አንዱን የቀበረች እናት ይህን ለማወቅ ነጋሪ አያስፈልጋትም። የዚህ አገር ሰው ሦስት ወር ሳይሞላ አይናገርም፤ ልጇም የዚህ አገር ሰው ናት። አጸደ ዝም ብላ ጠበቀች። በራሷ አፍ ትንገረኝ፣ የምትፈልገውንም በራሷ አፍ ትጠይቀኝ፤ ያን ጊዜ መልስ እሰጣለሁ ብላ ነበር።

ሰሊና ግን ሽማግሌ ላከች።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ በሩ ተንኳኳ። አጸደ ስትከፍት ሦስት ሽማግሌ በዕድሜ ቅደም ተከተል ተሰልፈዋል። በሰኔ ወበቅ፣ አስፋልት በሚያቀልጥ ፀሐይ፣ ሦስቱም ጋቢ ደርበዋል። ፊት የቆሙት አቶ ልዑልሰገድ ናቸው፤ ከአብዮቱ በኋላ የተሰደዱ የኢኮኖሚክስ ምሁር፣ በአሌክሳንድሪያ ሐበሻ መሐል የማይጠሩበት ዕርቅ የሌለ። ቀጥለው አቶ ይገዙ፣ የዕድሩ ሊቀ መንበር፣ ከ«እሱስ ልክ ነው» ሌላ ብዙ የማይናገሩ ሰው። መጨረሻው ኪራኮስ ነው፤ የአጸደ የሠፈር ልጅ፣ እኩያዋ፣ በአንድ ጉልበቱ የሚያነክስ። ከኋላቸው ደግሞ ሰሊና፣ በአንድ እጇ ሩሃማን፣ በሌላው በፎይል የተሸፈነ ትሪ ይዛለች።

«ላኪና ተላኪ አብረው መጡ?» አለች አጸደ።

«መኪናው የሷ ነው፣ ምን እናድርግ» አለ ኪራኮስ።

«ግቡ። ተቀመጡ እንዳልላችሁ...» አጸደ ወደ ሳሎኑ አሳየቻቸው። ሶፋው የነበረበት ቦታ ምንጣፉ ደምቆ ይታያል። የቀረው አንድ የምግብ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ነው፤ ወንበሮቹም ተሸጠዋል፤ ገዢው እስኪወስዳቸው ድረስ መጽሐፍ ተቆልሎባቸዋል።

አቶ ልዑልሰገድ እጃቸውን አነሡ። «ብትይንም አንቀመጥም። ደንቡን ታውቂዋለሽ፣ አጸደ። ልመና ይዘን ነው የመጣን። እሺ ስትይን እንቀመጣለን፣ ያቀረብሽውን እንቀምሳለን፣ እንመርቃለን። እሺ ሳትይን የተቀመጥን እንደሆነ ግን ልመናችንን በገዛ እጃችን ጣልነው ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሽማግሌም አንባልም።»

«እሱስ ልክ ነው» አሉ አቶ ይገዙ።

ሦስቱም ደማቁ ምንጣፍ ላይ ቆሙ። ሩሃማ የሽማግሌዎቹን ጋቢ ጫፍ እያየች፣ «አር ዘይ ኮልድ?» ብላ እናቷን ጠየቀች። ሰሊና «አልበረዳቸውም» ብላ ሹክ አለቻት።

አቶ ልዑልሰገድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጅሽ እያለቀሰች መጣችብን። እናቴ አገር ልትለቅ ነው አለችን። እኔ ደግሞ ሳላጠና አልናገርም። ኢንተርኔት ላይ ያለውን የማልታን የዋጋ ሰንጠረዥ ሁሉ ተመልክቻለሁ። ወተት፣ ዳቦ፣ እንቁላል፣ ቤንዚን። በአማካይ ከዚህ የሚረክስበት አለ፤ አልክድም። ነገር ግን...»

«ጋሼ ልዑል፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አማካይ የሚባል ሰው ኖሮ ያውቃል? ወተት አልጠጣም። ቤንዚን የምገዛው እዚህ ስላለሁ ነው። ሰንጠረዡ ላይ ያለው ሰውዬ ማን እንደሆነ አላውቀውም፤ እሱ ይሂድ ወይ ይቅር፣ የራሱ ጉዳይ። እርስዎ የመጡት ስለ እኔ ነው።»

«አጸደ፣ አታቋርጪኝ።»

«እሺ፣ ይጨርሱ።»

«የዚህ አገር የአረጋውያን ሕክምና ባሕር ተሻግሮ አይከፍልልሽም። ነገ ብትወድቂስ?»

«ይህስ ቁም ነገር ነው» አለች አጸደ። «ይህን የጠየቀኝ ሰው እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት፤ እግዜር ይስጥልኝ። አይከፍልም። ስለዚህ ሌላ ኢንሹራንስ እገዛለሁ፤ ዋጋውም ቀላል አይደለም፤ ከኪራዩ ላይ ደምሬዋለሁ። ይኸው መኪናዬን ስሸጥ ከመኪናዋ ጋር የሚቀርልኝ ወጪ ይሸፍነዋል። ሌላስ?»

«ብቸኝነቱስ? አንቺ ደሴት ላይ፣ ልጅሽ አህጉር ላይ።»

አጸደ ሳቀች። ስትቆጣ የምትስቀውን ሳቅ ኪራኮስ ከልጅነቱ ያውቀዋልና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«ጋሼ፣ እኔ ጂኦግራፊ ነው ያስተማርኩት። ማልታ ከአንደኛው ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ያለው ርቀት በቤልትዌዩ ከዚህ ቤት እስከ ልጄ ቤት ካለው ያንሳል። ገብቶዎታል? ላለፉት አራት ዓመታት በየማለዳው አንድ አገር ሙሉ አቋርጬ ልጅ ጠብቄአለሁ፤ ማታ ያንኑ አገር አቋርጬ ተመልሻለሁ። በመንገድ ላይ ያለሁት ብቻዬን ነው። ብቸኝነት እሱ ነው!»

«ማሚ፣ ድራማ አታድርጊው» አለች ሰሊና፣ ትሪዋን ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠች።

«አንቺ ዝም በይ። ላኪ አይናገርም። ተወካዮችሽ ቆመውልሻል።»

አቶ ልዑልሰገድ ላባቸውን በጋቢው ጠርዝ ጠረጉ። «የቤተሰብ ነገር በዋጋ አይታሰብም፣ እህቴ። አያት የልጅ ልጅ ማሳደጓ ወግ ነው፣ በረከት ነው። ይህን ሒሳብ ውስጥ የሚያስገባው ፈረንጅ ነው።»

አጸደ ከዚህ በፊት በጨዋነት ነበር የምትመልሰው። አሁን ግን እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«የማይታሰበው የእኔ ድርሻ ብቻ የሆነው ለምንድን ነው? የአብርሽ የትርፍ ሰዓት ይታሰባል። የሰሊና ደመወዝ ይታሰባል። የቤቱ ሞርጌጅ ይታሰባል። እርስዎ ያጠኑት ሰንጠረዥ ላይ እንቁላሉ እንኳ በቁጥር ተጽፏል። እኔ ግን የትም የለሁም! በረከት ነሽ ይሉኛል። በረከት ቤንዚን አይቀዳበትም፣ ጋሼ። ምሁር ነዎትና ይንገሩኝ፤ በየትኛው የኢኮኖሚክስ መጽሐፍ ነው የአንድ ሰው ጉልበት ሴት አያት ስትሆን ዋጋው ዜሮ የሚሆነው?»

አቶ ልዑልሰገድ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ መለሱ።

«እሱስ ልክ ነው» አሉ አቶ ይገዙ።

«አቶ ይገዙ!» አሉ አቶ ልዑልሰገድ።

«ምን ላድርግ፣ ልክ ነው።»

ኪራኮስ የቆመበትን እግር ቀየረ። ጉልበቱን ይጠዘጥዘው ጀምሯል፤ ፊቱ ላይ ይታያል። «አጽዬ» አለ፣ ለዘብ ብሎ፣ «የምትይው ሁሉ እውነት ይሁን። ግን ልጅቱን አሁን ባለችበት ሁኔታ ትተሻት መሄድ ይከብዳል። እንኳን አንቺ እኔም...» አቶ ልዑልሰገድ በክርናቸው ጎሸሙት። አቋረጠ።

አጸደ አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ሦስቱም ዓይናቸውን ሰበሩ። ያውቃሉ። ሦስት ሽማግሌ፣ አንዱ በሕይወቱ ሰሊናን ከሁለት ጊዜ በላይ አይቷት የማያውቅ፣ ያውቃሉ። ለእናቷ አልተነገረም።

ልጇ ለምን ስልኩን እንደዘጋች፣ ለምን እንዳለቀሰች፣ ለሽማግሌዎቹ ምን እንደነገረች ሁሉ ታያት። ስድቡ አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን ሩሃማ እግሯ ሥር ቁጭ ብላ ምንጣፉ ላይ በጣቷ ትሥላለች።

ይህን ዝምታ ሰሊና በሌላ ተረጎመችው። ያየችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስለሷ የመጡ ሦስት አዛውንት በወበቅ ጋቢ ለብሰው ቆመዋል፣ አንዱ እግሩን ታሟል፣ እናቷም መቀመጫ አላቀረበችም። አፈረች። እንግዳ ሲመጣ ወንበር እንዳመጣ ተደርጌ ነው ያደግኩት ብላ አሰበች። በሩን ከፍታ ወጣች። አጸደ ልጇ ተናዳ የሄደች መስሏት ነበር።

ትንሽ ቆይቶ ከኮሪደሩ ብረት ሲንኳኳ ተሰማ። ሰሊና ከምድር ቤት፣ ከሕንፃው የመሰብሰቢያ አዳራሽ፣ አራት ታጣፊ የብረት ወንበሮች በሁለት ብብቷ አቅፋ፣ በሩን በጀርባዋ እየገፋች ገባች። ፊቷ ቀልቷል።

«ፕሊስ፣ ተቀመጡልኝ» አለች እያለከለከች፣ «እኔ አፍራለሁ። ተቀመጡ፣ ምግብም አለ...»

«አስቀምጪ!» አለች አጸደ። ድምፅዋ መስታወቱን አንቀጠቀጠው። «አስቀምጪ ብዬሻለሁ! ጽንስ ይዘሽ ብረት ትሸከሚያለሽ? ዕብድ ነሽ?»

ሰሊና ደነገጠችና ክንዷ ላላ። ወንበሮቹ መንሸራተት ጀመሩ። ኪራኮስ ከሁሉም ቅርብ ነበር፤ በአንካሳ እግሩ ዘሎ ሁለቱን ቀለባቸው፣ አንዱን ዘረጋው፣ እና ዝላዩ ጉልበቱን ስለጎዳው፣ «ኡይ ኡይ እናቴን!» እያለ በዘረጋው ወንበር ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ።

አቶ ልዑልሰገድ እንደ ሐውልት ደረቁ።

«ኪራኮስ» አሉ ቀስ ብለው።

«ወይኔ!» አለ ኪራኮስ። ሊነሣ ሞከረ፤ ጉልበቱ እምቢ አለው። «ወይኔ ጋሼ፣ ተቀመጥኩ።»

«እሱስ...» አቶ ይገዙ ጀመሩና ተዉት። ሁለተኛውን ወንበር ዘርግተው፣ ጋቢያቸውን አወለቁና ተቀመጡ። «አልቋል እንግዲህ። ቆሜ ምን አደርጋለሁ?»

ሰሊና ከእናቷ ወደ ሽማግሌዎቹ፣ ከሽማግሌዎቹ ወደ እናቷ ታያለች። «ምንድን ነው ያለቀው? ተቀመጡ እኮ። ጥሩ አይደለም እንዴ?»

«ልጄ» አሉ አቶ ልዑልሰገድ፣ በሕይወታቸው ያልተሸነፉትን ሽንፈት በሚያስረዳ ድምፅ፣ «ቆመን እስካለን ድረስ ልመናችን አለ። እሺ ሳንባል ተቀመጥን። ስለዚህ ልመናው ወደቀ። ወንበሩን ያመጣሽው አንቺ ነሽ።»

«ዋት? ይሄ ፌር አይደለም! ማንም አልነገረኝም!»

«ሲገቡ ተናግረው ነበር» አለች አጸደ። «ትሪሽን ስታስተካክዪ አልሰማሽም።»

አሸንፋለች። ደንቡ ለእሷ ፈርዷል፤ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው በአፋቸው አስረው በገዛ እግራቸው የወደቁበት ደንብ ነው። አሁን ትሪውን ከፍታ «ብሉ፣ ከዚያም መርቁኝ» ብትል ማንም ቃል አይመልስም። ሰሊና ግን የቀሩትን ሁለት ወንበሮች ግድግዳ ላይ አስደግፋ፣ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ቆማለች። ማድረጓንም አላወቀችም።

አጸደ በሕይወቷ ብዙ ክርክር አሸንፋለች፤ በወንበር ያሸነፈችው ግን የለም። አስጠላት።

«በዚህ አላሸንፍም» አለች። «ጋሼ ልዑል፣ እርስዎም ይቀመጡ፤ ወበቁ ሊደፋዎት ነው። ሽምግልናው ቀርቷል። አሁን ሰሊና ራሷ ትጠይቀኛለች። ነይ፣ ፊቴ ቁሚ። አማርኛው ካልመጣልሽ በእንግሊዝኛ ተናገሪ። ምንድን ነው የምትፈልጊው?»

«ታውቂዋለሽ።»

«አውቀዋለሁ። ተናገሪው።»

ሰሊና መጥታ እናቷ ፊት ቆመች። «ጃንዋሪ ላይ ነው የሚወለደው። ልነግርሽ ነበር፣ ማሚ፣ ትዌልቭ ዊክስ እስኪሞላ ነው። ከዚያ አንቺ ሶፋውን ሸጥሽ። ዴይ ኬር ጠየቅሁ። የአንድ ሕፃን ብቻ ከሞርጌጃችን ሊበልጥ ምንም አልቀረው። ሩሃማ ኪንደርጋርተን ብትገባም ከትምህርት በኋላ ያለው ሌላ ክፍያ ነው። እኔ ሥራ ላቁም እንዴ? አንቺ ከሌለሽ አንችልም። ያ ነው። አንችልም።»

«ተመስገን» አለች አጸደ። «ይህችን ለመናገር ሦስት ሰው ጋቢ አለበስሽ። ውድ ነው አልሽ። ውድ መሆኑን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ፤ አራት ዓመት ሙሉ ስከፍለው የኖርኩት እኔ ነኛ! ደስ ብሎኝ ነው የከፈልኩት። ሩሃማን መጀመሪያ ያስሄድኳት እኔ፣ ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ። አልቆጭም። ግን ስትፈልጊኝ ኖረሽ አንድ ቀን አልጠየቅሽኝም፤ እንደ ቧንቧ ውሃ ከፍተሽ ትቀጂኛለሽ።»

ሰሊና አንገቷን ደፋች። «ሶሪ፣ ማሚ።»

«ሶሪሽን ተቀብያለሁ። አሁን መልሴን ስሚ። ጋሼም ይስሙ፤ ወግ ያሉት እርስዎ ነዎት። በወጋችን ልጅ ስትወልድ እናት መጥታ አራሷን ትጠብቃለች። ወንድ ከሆነ አርባ ቀን፣ ሴት ከሆነች ሰማንያ፣ ክርስትናው እስኪደርስ። ጃንዋሪ ላይ እመጣለሁ። ገንፎሽን አገነፋለሁ፣ ልጅሽን አጥባለሁ፣ አንቺን አስተኛለሁ። ወንድም ቢሆን ሰማንያውን እቆያለሁ፤ እሱ ምርቃት ነው። ከክርስትናው ማግስት ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። አያት ሌላ አምስት ዓመት ቤልትዌይ ላይ ትኑር የሚል ወግ ግን ከየትም አልሰማሁም፤ የሰማ ካለ ይንገረኝ።»

ማንም አልነገራትም።

«ከዚያ በኋላስ?» አለች ሰሊና።

«ከዚያ በኋላ አንቺና አብርሽ ተነጋገሩ። ፈረቃውን ይቀይር። ወይ ሞግዚት ከሌላ ቤተሰብ ጋር ለሁለት ያዙ። ይከብዳል። እኔም ሁለት ልጅ ይዤ ማስተርሴን ስሠራ ከብዶኝ ነበር፤ እናቴ ባሕር ማዶ ነበረች። ሰሊና፣ አትችዪም አላልኩሽም። አንችልም ያልሽው አንቺ ነሽ።»

አቶ ልዑልሰገድ ጋቢያቸውን አውልቀው አጠፉ፤ ከግድግዳው አንዱን ወንበር ስበው ተቀመጡና ጋቢውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። «የተሸነፈ ሽማግሌ ሳይመርቅ አይወጣም» አሉ። ፊታቸው እንደ ኮሶ ነው፤ ድምፃቸው ግን ያማረ ነበር። ባሕሩን የጸጥታ ያድርግልሽ፤ እርጥበቱ አጥንትሽን አያግኘው፤ አከራይሽን ልበ ቀና ያድርገው፤ የልጅ ልጅሽን በሰላም ታቅፊ ዘንድ በጊዜው ያምጣሽ አሉ። በየመሐሉ ሁለቱ «አሜን» አሉ። ሩሃማም በየተራው አብራ «አሜን» አለች፤ አንድ ጊዜ ተሳስታ ቀድማ አለችው።

ከዚያ በሉ። ትሪው ውስጥ የነበረው ሰሊና ማለዳ ተነሥታ የሠራችው ዶሮ ወጥ ነው፤ ጨው በዝቶበታል። አጸደ ሁለት ጊዜ ጨለፈች።

«አጽዬ» አለ ኪራኮስ እጁን እየጠረገ፣ ከአቶ ልዑልሰገድ ጆሮ ሸሸግ ብሎ፣ «ያ ባለፈው ነፃ ነው ያልሽኝ የማልታ አውቶቡስ መወጣጫው ደረጃ አለው ወይስ ዝቅ ያለ ነው? ለጉልበት ማለቴ ነው።»

«ዝቅ ይላል።»

«እ!» አለና ሌላ አጥንት አነሣ።

ሽማግሌዎቹ ወደ መኪናው ሲወርዱ ወንበሮቹ መመለስ ነበረባቸው። አጸደ ሁለቱን በአንድ ብብት፣ ሁለቱን በሌላው አቀፈች። ሰሊና ልታግዛት ስትል በዓይኗ መለሰቻት፤ የአሳንሰሩን በር ብቻ ይዛ እንድትቆምላት ፈቀደች። ሩሃማ ቁልፉን ተጫነች። በሩ ተዘጋ።

ሰሊና የሚወርዱትን ቁጥሮች እያየች፣ ዓይኗን ሳታነሣ፣ «ያ የማልታው ቤት ሊፍት አለው?» አለች።

«የለውም። ሦስተኛ ፎቅ ነው።»

«ውሃውን ማን ይሸከምልሻል?»

«እኔ። በየቀኑ ሁለት ጠርሙስ። ስድስት አንድ ላይ የሚሸከም ሞኝ ነው።»

ሰሊና እንደ ከበዳት ሰው ትንፋሽ ወስዳ፣ በተሰባበረው አማርኛዋ፣ «ማሚ፣ ስንት ነው የሚያስወጣሽ? ሁሉም ነገር። ኪራዩ፣ ኢንሹራንሱ፣ ውሃው። ንገሪኝ» አለች።

አጸደ ወደ ልጇ ዞረች። ወንበሮቹ የአሳንሰሩን ግድግዳ ቧጨሩት። በአራት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠየቀችው ጥያቄ ነው፤ ለጊዜው ከየት እንደምትጀምር ጠፋት።

«ከዳቦው ልጀምርልሽ» አለች።

አሳንሰሩ ምድር ቤት ደርሶ በሩ ተከፈተ። ሽማግሌዎቹ ውጭ፣ መኪናው ጥላ ሥር፣ ይጠብቃሉ። አጸደ ገና ዳቦው ላይ ነበረች፤ ወንበሮቹን እንዳቀፈች፣ ቅርፊቱ እንዴት እንደሚንኮሻኮሽ እያስረዳች ነበር። ሰሊና በሩ መልሶ እንዳይዘጋ በእግሯ አግዳ ትሰማታለች።